ለ5 ወር የሚቆም ባለ ኤር ሰስፔንሽን መኪና፦ አየሩን ላስወጣው ወይስ ልተወው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «መኪናዬ 11 ዓመቷ ነው፣ በ4ቱም ጎማ ኤር ሰስፔንሽን (መኪናዋን በአየር የሚሸከም ማንጠልጠያ) አላት። ለሥራ ለ5 ወር ያህል እሄዳለሁ፣ እሷ ጣራ ያለው ማቆሚያ ውስጥ ተቆልፎባት ትቆያለች። ከዚህ በፊት ለ2 ወር አቁሜያት ስመለስ የግራ የኋላው ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው የአካሉ ክፍል) ጎማው ላይ ተኝቶ፣ ባትሪውም ሞቶ ነው ያገኘኋት። በሌላ መኪና ባትሪ አስነሳኋት፣ ከፍ አለች፣ ከዚያ ወዲህ ደህና ናት። አንዱ መካኒክ ከመሄድህ በፊት አየሩን በሙሉ አስወጣው ይለኛል። ሌላው ደግሞ በየሳምንቱ ሰው 10 ደቂቃ እያስነሳ ያሙቃት አለኝ። ኤር ሰስፔንሽን ሲቆም አየር ማጣቱ ያለ ነው ይላሉ። የቱን ልስማ?»

ሁለቱንም አትስማ። አየሩን አስወጥቶ ማቆም አየር የሚይዘውን ላስቲክ ይጎዳል፣ 10 ደቂቃ ማሙቅ ደግሞ ባትሪውንም ሞተሩንም አይጠቅምም። ከሁሉ በፊት ግን «ሲቆም አየር ማጣቱ ያለ ነው» የሚለውን ነገር ከጭንቅላትህ አውጣው። መኪናህ የወረደችው ስለቆመች አይደለም። አየር የሚወጣበት ቦታ ስላላት ነው። ስትነዳት ኮምፕሬሰሩ (አየር የሚሞላው ፓምፕ) የጎደለውን እየሞላ ይሸፍነዋል፣ ስትቆም ግን የሚሞላ የለም፣ ስለዚህ ጉዱ ይወጣል። «ከዚያ ወዲህ ደህና ናት» ያልከውም ለዚሁ ነው። ደህና አይደለችም፣ ኮምፕሬሰሩ እየደከመላት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስም እናጥራ። ጎማው አጠገብ ያለውንና አየር የሚይዘውን ላስቲክ ብዙ ሰው ኤር ባግ ይለዋል። መሪው ውስጥ ካለው የአደጋ ጊዜ ኤር ባግ ጋር እንዳይምታታ እኔ ፊኛ እለዋለሁ። በብረት ሞላ (ስፕሪንግ) ፋንታ የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው እሱ ነው። ውስጡ ያለው አየር እንደ መኪናው ክብደት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ባር ይደርሳል፣ ማለትም ጎማህ ውስጥ ካለው ግፊት ከ2 እስከ 4 እጥፍ ነው። ኮምፕሬሰሩ አየሩን ያመነጫል፣ ማድረቂያው እርጥበቱን ይይዛል፣ የቫልቭ ብሎኩ ለየትኛው ፊኛ እንደሚሄድ ይመርጣል፣ የቁመት ሴንሰሮቹ ደግሞ መኪናዋ የት እንዳለች ለኮምፒውተሩ ይነግሩታል። አሁን ዋናውን ነገር ያዝልኝ። ቫልቮቹ ለመከፈት ነው ኤሌክትሪክ የሚፈልጉት። ኤሌክትሪክ ሲያጡ ይዘጋሉ። ስለዚህ ቁልፍ ማጥፋትም ሆነ የባትሪ ገመድ መንቀል አየሩን አያስወጣም፣ እንዲያውም ይቆልፈዋል። ጤነኛ ሲስተም ለሳምንታት፣ አንዳንዱም ለወራት ቁመቱን ጠብቆ ይቆማል።

ሳይፈስ ትንሽ የሚወርድበት አንድ ምክንያት አለ፣ እሱም ቅዝቃዜ ነው። በ30 ዲግሪ ሙቀት ያቆምካት መኪና አየሩ ወደ 5 ዲግሪ ቢወርድ ፊኛው ውስጥ ያለው አየር 8 በመቶ ገደማ ይኮማተራል። የተሸከመው ክብደት ያው ስለሆነ ግፊቱ ብዙም አይለወጥም፣ የሚያንሰው የአየሩ ይዘት ነው። መኪናዋም በትንሹ ዝቅ ትላለች። ልዩነቱን ለመለየት ግን ቀላል ነው። ቅዝቃዜ 4ቱንም ጎን ተቀራራቢ በሆነ መጠን ነው የሚያወርደው፣ አንዱን ለይቶ ጎማው ላይ አያስተኛም። የአንተ የግራ የኋላ ብቻ ተኝቷል። ይሄ የአየር ጠባይ ሥራ አይደለም።

አንዳንድ ሰው «የኔ ግን አራቱም ወርዷል፣ አራቱ ፊኛ በአንድ ጊዜ እንዴት ይበሳል?» ይላል። አልተበሳም። አንዳንድ መኪኖች ቆመውም ቢሆን ኮምፒውተራቸው በየተወሰነ ሰዓት ይነቃል፣ ቁመቱን ያያል፣ ተመልሶ ይተኛል። አንድ ጎን ወርዶ ካገኘ መኪናዋ እንዳታጋድል ማስተካከል ይፈልጋል። ሞተር ስለጠፋ ኮምፕሬሰሩን ማስነሳት አይችልም። ማድረግ የሚችለው ከሌሎቹ 3 ጎኖች አየር መልቀቅ ብቻ ነው። ጠዋት መኪናህን ስታያት እኩል ሆና መሬት ላይ ተቀምጣለች። የፈሰሰው አንድ፣ የወረደው አራት። ብዙ ሰው በዚህ ተሳስቶ ደህና ፊኛ ይቀይራል።

ትንሽ ፍሳሽ ተብሎ የሚናቀው ነገር ሌላም ጣጣ አለው፣ እሱም ማድረቂያው ነው። ኮምፕሬሰሩ አየር ሲስብ እርጥበትም አብሮ ይገባል፣ ማድረቂያው ውስጥ ያለው ሲሊካ ጄል ያንን ይይዛል። መኪናዋ ዝቅ ስትል ደረቁ አየር በዚያው በማድረቂያው በኩል ተመልሶ ይወጣና የተያዘውን እርጥበት ይዞ ይሄዳል። ማድረቂያው ራሱን የሚያደርቀው እንዲህ ነው። ፍሳሽ ካለ ግን አየሩ የሚወጣው በቀዳዳው ነው፣ ወደ ማድረቂያው አይመለስም። ኮምፕሬሰሩ እርጥብ አየር እያስገባ፣ ማድረቂያው እየጠገበ ይሄዳል። ከጠገበ በኋላ ውሃው ወደ ቫልቮቹ ያልፋል፣ ዝገት ይጀምራል፣ ብርድ ባለበት ደግሞ በረዶ ሆኖ ይዘጋል። ኮምፕሬሰሩም ዘይት የሌለው ትንሽ ፒስተን ነው፣ የተሠራው ለአጭር ጊዜ ሠርቶ እንዲያርፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲታትር ይቃጠላል። የአንድ ቀለበት ጎሚኒ (የመጋጠሚያ ማሸጊያ ላስቲክ) ችግር ኮምፕሬሰርና የቫልቭ ብሎክ የሚያስቀይረው በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ ከመሄድህ በፊት ሥራህ መለካት ነው። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ ኖርማል ቁመት ላይ አድርገህ አቁማት። ከእያንዳንዱ ጎማ በላይ ፓራፋንጎው ላይ ትንሽ የወረቀት ፕላስተር ለጥፍ። ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ በሜትር ለካና ቁጥሩን እዚያው ፕላስተሩ ላይ ጻፈው። ከመሬት አትለካ፣ የጎማ ንፋስ ሲቀንስ ያሳስትሃል። ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ንቀል፣ ኮምፒውተሩ ነቅቶ ሌሎቹን ጎኖች እንዳያወርድብህ ነው። ጠዋት ለካ፣ በ3ኛው ቀን ለካ፣ በሳምንቱ ለካ። በሳምንት ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢቀንስ አትደንግጥ። አንዱ ጎን ለብቻው 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከወረደ ግን ፍሳሹን አገኘኸው ማለት ነው። ሁለቱ የኋላ አብረው ከወረዱ ከፊኛዎቹ በፊት የቫልቭ ብሎኩን ጠርጥር። ባትሪው ተነቅሎ ምንም ሳይወርድ ቆይቶ፣ ባትሪው ሲገናኝ ግን የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። ያኔ የቁመት ሴንሰር ወይም የኮምፒውተሩ ነገር ነው፣ ፊኛ ቀይረህ አይድንም።

የትኛው ጎን እንደሆነ ካወቅክ በኋላ ቦታውን በሳሙና ውሃ ታገኘዋለህ። የእቃ ማጠቢያ ሳሙና ውሃ ውስጥ በጥብጠህ በመርጫ ያዝ። መኪናዋ ከፍ ብላ ሻንሲው (የሥሯ ዋና ብረት) በመደገፊያ እንደተደገፈ መጀመሪያ የፊኛውን የታችኛውን እጥፋት እርጭ፣ ላስቲኩ ወደ ውስጥ የሚታጠፍበትን ማለቴ ነው። 11 ዓመት በሆነው ላስቲክ ላይ የሚሰነጠቀው በአብዛኛው እዚያ ነው፣ ምክንያቱም መኪናዋ ስትሄድ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ የሚታጠፈውና የሚዘረጋው ያ መስመር ነው። አቧራና ጠጠር የሚሰበሰበውም እዚያው ነው። አትቸኩል። ትልቅ ቀዳዳ ቶሎ ያፏጫል፣ የአንተ ግን ለቀናት የሚፈጅ ፍሳሽ ነው። ረጭተህ 2 ወይም 3 ደቂቃ ጠብቅ። ቀስ እያለ የሚያብጥ፣ እንደ እንቁላል ነጭ የጠና ደቃቅ አረፋ ካየህ እሱ ነው። ፊኛው ላይ ካላገኘህ ቱቦው የሚገባበትን መጋጠሚያ፣ ከዚያ የቫልቭ ብሎኩን መጋጠሚያዎች በየተራ እርጭ።

ካገኘኸው በኋላ ምርጫህ ግልጽ ነው። ፍሳሹ መጋጠሚያ ላይ ከሆነ ትንሽ ሥራ ነው፣ ጎሚኒው ወይም መጋጠሚያው ይቀየራል፣ የቱቦው ጫፍ ከተጎዳ በጥቂቱ ተቆርጦ በደንብ ይገባል። የቫልቭ ብሎክ ከሆነ ጎሚኒዎቹ የሚቀየሩለት አለ፣ ያለበለዚያ ሙሉው ይቀየራል። ፊኛው ራሱ ከተሰነጠቀ ግን መቀየር ነው። በማጣበቂያ፣ በጎማ ልጣፍ፣ ውስጡ በሚጨመር ማሸጊያ ፈሳሽ አይጠገንም። የሚታጠፍ ላስቲክ ላይ ልጣፍ አይቆይም፣ ማሸጊያ ፈሳሹ ደግሞ ወደ ቫልቮቹ ሄዶ ሌላ ጉዳት ያመጣል። አንዱን ስትቀይር በዚያው አክስል ያለውን ጓደኛውን አብረህ ብትቀይር እመርጣለሁ፣ እኩል ዕድሜ ስላላቸው ያኛውም እሩቅ አይደለም። «ለምን በብረት ሞላ አልቀይረውም?» ካልከኝ ይቻላል፣ የሚያደርጉም አሉ። ግን የመኪናዋ አሄድ ይለወጣል፣ ቁመት ማስተካከሉ ይቀራል፣ ኮምፒውተሩም ካልተስተካከለ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ያበራል። ለ5 ወር ስለምትቆም ብቻ ይህንን አታድርግ።

አሁን ወደ መጀመሪያው መካኒክ ምክር ልመለስ። አየሩን በሙሉ ስታስወጣ ላስቲኩ በአየር ተወጥሮ የሚይዘውን ቅርጽ ያጣል። ይጨማደዳል፣ ባልተሠራበት ቦታ ይታጠፋል፣ መኪናዋም ሙሉ ክብደቷን ይዛ መጨረሻ ላይ ያለው መምቻ ላስቲክ (ብረት ከብረት እንዳይጋጭ የሚያግደው) ላይ ትቀመጣለች። 5 ወር በዚያ ሁኔታ የቆየ አሮጌ ላስቲክ የታጠፈበትን ይይዛል። አንድ ጊዜ 4 ወር መሬት ላይ ተኝታ የቆየች መኪና መጣችልኝ። ባለቤቷ አስነስቶ ወዲያው ማርሽ አስገብቶ ከግቢ ወጥቷል። ፊኛው ገና እየሞላ፣ አንደኛው እጥፋት በብረቱና በብረቱ መካከል እንደተቆነጠጠ ነበር። ስፈታው ላስቲኩ ላይ የጣት ርዝመት ያህል የተቀደደ፣ ጠርዙ ገና አዲስ የሆነ ስንጥቅ ነበረበት። የቀረው ላስቲክ ደህና ነበር። ያ ፊኛ 10 ደቂቃ ቢታገሡት ይተርፍ ነበር፣ አሁንም ሳስበው ያሳዝነኛል።

ተቃራኒውን፣ ማለትም መጨረሻ ድረስ ከፍ አድርጎ ማቆምንም የሚመክሩ አሉ። «ቢወርድም እስኪደርስ ይቆያል» ነው ሐሳቡ። ፍሳሽ ከሌለ ምንም አይጨምርልህም፣ ፍሳሽ ካለ ደግሞ ጥቂት ቀን ነው የሚገዛልህ። ኖርማል ላይ አቁማት።

የሁለተኛው መካኒክ ምክር ከልብ የመጣ ነው፣ ግን አይሠራም። ሞተር ማስነሳት ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። በዚያ ላይ ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ ከ20 አምፔር በላይ ይስባል። ቆሞ በ10 ደቂቃ የሚመለሰው ባትሪውን አይሞላም። ሞተሩም ሳይሞቅ ስለሚጠፋ የጭስ ማውጫውና የዘይቱ እርጥበት እዚያው ይቀራል። የምታምነው ሰው ካለህ በየ2 ወይም 3 ሳምንቱ አውጥቶ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይንዳት። ይህ ለፊኛውም፣ ለጎማውም፣ ለፍሬኑም ጥሩ ነው። የሚነዳት ከሌለ ጨርሶ አይንኳት።

ባትሪውን በሒሳብ እንየው። ተቆልፋ የተኛች መኪና 50 ሚሊ አምፔር ትስባለች እንበል። በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት፣ በወር 36 ማለት ነው። ባለ 70 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ1 ወር ግማሹ ሄደ። ያንተ በ2 ወር መሞቱ አያስገርምም። ባዶውን የቆየ ባትሪ ደግሞ ውስጡ ይበላሻል፣ ቢሞላም እንደ ድሮው አይዝም። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ሙሉ ሲሆን አርፎ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፣ 12.0 ካሳየህ ሩብ ያህል ነው የቀረው። ለ5 ወር የሚሻለው ሞልቶ ኔጋቲቩን መንቀል ነው። የተነቀለ ጤነኛ ባትሪ በራሱ የሚያጣው በወር ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ማቆሚያው መብራት ካለው ሲሞላ ራሱ የሚያቋርጥ ቻርጀር በባትሪው ላይ ብትተውለት የበለጠ ይሻላል። ከመንቀልህ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጥ፣ በሩና ኮፈኑ ያለ ኤሌክትሪክ በቁልፍ እንደሚከፈቱ። ባትሪው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ሆኖ ክዳኑ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ራስህን ውጭ ትቆልፋለህ።

ሌላው የሚጠየቀው ክሪክ ላይ ማንጠልጠል ነው። ጎማዎቹን ከመሬት አንሥቶ ለወራት ማቆም ለኤር ሰስፔንሽን ጥሩ አይደለም። ኮምፒውተሩ ከነቃ ሴንሰሮቹ «በጣም ከፍ ብላለች» ይሉታል፣ እሱም ለማውረድ አየሩን ይለቃል። ፊኛው ባዶውን ተለጥጦ ይንጠለጠላል፣ ስታወርዳት ባዶው ላስቲክ ላይ ክብደት ያርፍበታል። እኔ የምወደው ሌላ መንገድ ነው። መኪናዋ በጎማዋ እንደቆመች ጠንካራ የብረት መደገፊያዎች አምራቹ ለክሪክ ባመለከታቸው 4 ቦታዎች ሥር በረጅም ነገር እየገፋህ አስገባ፣ በመደገፊያውና በሻንሲው መካከል 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ተው። ካልወረደች አይነኳትም። ከወረደች 2 ሳንቲ ሜትር ወርዳ እዚያ ትቀመጣለች፣ ፊኛው አይጨፈለቅም። ወለሉ ሲሚንቶ ወይም ሌላ የማይሰምጥ መሆን አለበት፣ ባትሪውም መነቀል አለበት።

ላስቲኩን በተመለከተ በንጹህ ውሃና በለስላሳ ሳሙና እጠበው፣ መኪናዋ ከፍ ብላ ሻንሲውም ተደግፎ እጥፋቱ ሲዘረጋ ጠጠሩን አስወጣ፣ አድርቀው። በቃ። ሻንሲውን በናፍጣ ወይም በተቃጠለ ዘይት የሚረጩ ሰዎች ካሉ ከፊኛው ያርቁ፣ ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ ያደክመዋል።

እንግዲህ ላንተ የምለው ይህ ነው። ከጉዞህ ቢያንስ 3 ሳምንት ቀደም ብለህ የመለካት ሥራውን ጀምር፣ የግራ የኋላውን ፍሳሽ አግኝና አስጠግን፣ ከጥገናው በኋላ ለ1 ሳምንት እንደገና ለካ። ካላለፈች እንዲሁ ትተሃት አትሂድ፣ ያልተጠገነ ፍሳሽ ይዞ 5 ወር የሚያቆም ዘዴ የለም። ካለፈች ኖርማል ቁመት ላይ አቁማት፣ ጎማዎቹን አምራቹ ከሚለው ትንሽ ጨምረህ ሙላ፣ ባትሪውን ሞልተህ ንቀል፣ መደገፊያዎቹን ሥሯ አስገባ።

ስትመለስ አትቸኩል። መጀመሪያ ጎንበስ ብለህ 4ቱንም ፊኛ እይ። ባትሪውን ሞልተህ አገናኝ። በሮቹን ሁሉ ዝጋ፣ ብዙዎቹ መኪኖች በር ተከፍቶ ከፍ አይሉም። ሞተሩን አስነሳና ማርሽ ሳታስገባ ጠብቅ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የኋላው፣ ከዚያ የፊቱ ይነሳል፣ ጥቂት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ከፍ ብላ ከመደገፊያዎቹ ስትለቅ ሞተሩን አጥፍተህ መደገፊያዎቹን በረጅም ነገር ሳብና አውጣ። 10 ደቂቃ ጠብቀህ አንዱ ጎን ካልተነሳ አጥፋ። ኮምፕሬሰሩ ግሎ ራሱን አቁሞ ሊሆን ይችላል፣ ግማሽ ሰዓት አሳርፈውና አንድ ጊዜ ብቻ ሞክር። ካልሆነ ወደ መካኒክ። ፊውዝ ቢቃጠል ከፍ ያለ አምፔር አታስገባበት። ቁልፍ አጥፍተህም ኮምፕሬሰሩ ማጉረምረሙን ካላቆመ ሪሌዩ (ኮምፕሬሰሩን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ) ተጣብቋል ማለት ነው፣ ወዲያው ፊውዙን ንቀል።

ላስቲኩ ተጨማድዶ ካገኘኸው ደግሞ ክብደት እንዳለበት አትሙላው። ከፍታ ማስተካከያውን በክሪክ ሞድ (መኪናዋ በክሪክ ስትነሳ በሚመረጠው ሁኔታ) ወይም በማጥፊያው ቁልፍ አጥፋ፣ ሻንሲውን በክሪክ አንሥተህ በመደገፊያ አሳርፍ፣ እጥፋቱ በቦታው እንዲገባ አድርግ። ጥቂት አየር ከገባና ቅርጹን ከያዘ በኋላ ነው ክብደቱ የሚያርፍበት። ይህን ሠርቶ የማያውቅ ሰው ባይሞክረው ይሻላል።

በአየር ብቻ የቆመች መኪና ሥር እጅህንም ቢሆን አታስገባ። አንድ ቱቦ ቢለቅ መኪናዋ በሰከንድ ውስጥ ትወርዳለች። መጋጠሚያ ስትፈታም ሻንሲው ተደግፎ፣ ፊትህ ዞር ብሎ፣ ቀስ ብለህ ፍታ።

ጎማው ፓራፋንጎ እየነካ ደግሞ 100 ሜትርም ቢሆን አትንዳት። ከተነሳች በኋላ ለ1 ሰዓት ያህል ንዳት፣ አቁማት፣ በማግስቱ ጠዋት ያንኑ 4 ቁጥር ለካና ፕላስተሩ ላይ ከጻፍከው ጋር አስተያየው።